የኢስቴፓን ጭስ

በእኛ መንደር ምስጢር ያለው ሰው በእግሩ ይሂድ። መኪና ይዞ ከወጣ ምስጢሩን ሰማይ ላይ ጽፎት ነው የሚሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሳይቤሪያ በምንኖረው በእኛ ያኩቶች ዘንድ የናፍጣ መኪና ጥቅምት ላይ አንዴ ከተነሳ ሚያዝያ እስኪገባ አይጠፋም። ባለቤቱ ሲበላ ይጮኻል፣ ሲተኛ ይጮኻል፣ ሲታመም እንኳ ጎረቤት ናፍጣ እየጨመረለት ይጮኻል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃምሳን ሲያልፍ ነፋስ የሚባል ነገር ስለማይኖር፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ነጭ ምሰሶ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የማን መኪና ከማን ደጅ እንደቆመ ለማወቅ ቀና ማለት ብቻ ነው። ባለሱቋ ኡሊያና ደግሞ ቀና ለማለት የተፈጠረች ሴት ናት። በመስኮቷ ላይ የሚጋገረውን አመዳይ ጠዋት ማታ በቢላ ትፍቅና በዚያች ቀዳዳ መንደሩን ታነባለች። «የእንስሳት ሐኪሙ ጭስ ዛሬም ከመምህርቷ ቤት ነው፤ ላሟ አልዳነችም መሰለኝ» ትላለች። መምህርቷ ላም የላትም።

እኔ ኦግዶ እባላለሁ። ባሌ ገብሪል ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከእናቱ ከእማማ ማርፋ ጋር ነው። እኔና ገብሪል ልጅ አልወለድንም፤ እሳቸውም ከእሱ ሌላ አልነበራቸውም። ዓይናቸው ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፍም፤ ጆሯቸው ግን ጎረቤት ቤት አይጥ ብታስነጥስ ይማርሽ ይላሉ። አንዳንድ ቀን እንነታረካለን፣ አንዳንድ ቀን እንሳሳቃለን፣ ሁልጊዜ ግን አብረን ነን።

ኢስቴፓን በረዶ አምጪያችን ነው። በብርዱ ወራት የምንጠጣው ውሃ ከሐይቁ እንደ ድንጋይ እየተቆረጠ በመኪና ይመጣና ከየደጁ ይከመራል፤ ባለቤቱ እየሰበረ ምድጃው ዳር ያቀልጠዋል። ኢስቴፓን ረጅም፣ ጠንካራ፣ ብቻውን የሚያረጅ ሰው ነው። ሚስት ያላገባው ጠልቶ ሳይሆን ቃሉ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎት ነው ይባላል። መኪናውን ሲያናግር የሰሙት ሰዎች አሉ፤ ከሰው ጋር ግን ከ«እንደምን ዋላችሁ» አያልፍም።

በዚህ ዓመት በረዶአችን መብዛት ጀመረ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣ የነበረው ሰው በሁለት ቀኑ ብቅ ይል ጀመር። ክምሩ ከአጥሩ በለጠ፣ ከመስኮቱ በለጠ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያውን ሊነካ ሆነ። አንዷን የበረዶ ጡብ አውርዶ ያስቀምጣል፣ ይመለከታታል፣ ትንሽ ያዞራታል፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ እኔ ያያል። ይኸ ሁሉ ሲሆን መኪናው ይጮኻል፣ ጭሱም ከቤቴ በላይ እንደ ባንዲራ ተተክሏል።

አንድ ቀን ዱቄት ልገዛ ሱቅ ስገባ ኡሊያና ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ ጠበቀችኝ።

«ኦግዶዬ፣ ሻይ ነው የምታፈሉት ወይስ ሐይቁን ወደ ደጃችሁ ልታዛውሩት ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ኧረ ምንም! ሁለት ሴቶች ይህን ሁሉ ውሃ ከጠጡ ኩላሊታቸውን መታየት አለባቸው ብዬ ነው።»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ ለማንም የማያርፍ ምላስ ያለኝ ሴት፣ ያን ቀን ዱቄቴን አንስቼ እንደ ሌባ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ ማሾፏ ሳይሆን ልክ መሆኗ ነው። ሰውየውን ወድጄዋለሁ። ጭሱ ከመታጠፊያው ሲወጣ ሳይ ፀጉሬን የማስተካክል ሴት ሆኜ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ!

ግን እማማ ማርፋስ? የሚያስፈራኝ እሳቸው ነበሩ። የኢስቴፓን ቤት ከሐይቁ ማዶ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከተማ ያለችው የእህታቸው ልጅ ደግሞ «የአረጋውያን ማረፊያ ላስገባቸው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ ሾርባም አለ» እያለች በስልክ ትወተውታለች። ኦግዶ ልታገባ ነው የሚል ወሬ ጆሯቸው ከገባ፣ መጀመሪያ ልጄን ረሳችው ብለው ያዝናሉ፤ ከዚያ ሸክም አልሆንም ብለው ራሳቸው ጓዛቸውን ይጠቀልላሉ። አውቃቸዋለሁ። እሳቸውን አስወጥቼ የማገኘው ባል በአፍንጫዬ ይውጣ።

ስለዚህ ኢስቴፓን በቀጣዩ ቀን ሲመጣ ወጥቼ ተቆጣሁት።

«ስማ፣ የአንተ ጭስ በመንደሩ አዋረደኝ። እማማ ከሰሙ ጉድ ይፈላል። ከእንግዲህ ጭስህን ከደጄ ላይ እንዳላየው!»

እሱም አጎንብሶ አሰበ። ከዚያ «እሺ» አለና ሄደ። እኔም በቃ ቀረ ብዬ ያን ቀን ሾርባውን ጨው አብዝቼበት እማማ ማርፋ ተቆጡኝ።

ለካ ኢስቴፓን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሾፌር ነው የሰማኝ። ችግሩ ጭሱ ከሆነ ጭሱን ማስወገድ ነው ብሎ ሄደ።

በሌላው ሳምንት፣ ፀሐይ ጫካው ጫፍ ላይ ብቅ ባለችበት ሰዓት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃምሳ አራት ሆኖ፣ እማማ ማርፋ ከመጋረጃው ወዲያ ጋደም ብለው ሳለ በሩ ተከፈተ። ብርዱ ነጭ ደመና ሆኖ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ከደመናው ውስጥ ኢስቴፓን ወጣ። ኮት አልለበሰም። በሹራብ ብቻ ቆሞ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ከውጭ ምንም ድምፅ አይሰማም።

«መኪናህስ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አጠፋሁት።»

ሰው በአገራችን «እናቴን ሸጥኳት» ቢል ይህን ያህል አልደነግጥም።

«አበድክ? በዚህ ብርድ? በጥር ወር?»

«ለአንድ ስኒ ሻይ ብቻ ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። ኮቴንም ደርቤለታለሁ። ለአንድ ስኒ ሻይ ይቆያል።»

ያን ጊዜ አንጀቴን በላው። ድብ የሚያህል ፀጉራም ኮቱን አውልቆ ሞተሩን ያለበሰው የእኔን ስም ለመጠበቅ ብሎ ነው። «ተቀመጥ እንግዲህ፣ ቶሎ ጠጣ» ብዬ ወተት የበዛበት ሻይ ቀዳሁለት፣ የስንዴ ቂጣም በቅቤ አቀረብኩ።

ተቀመጠ። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ አየኝ።

«ኦግዶ።»

«እ?»

«የዘንድሮ በረዶ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«አረፋ የለውም። አምና አረፋ ነበረው።»

«አዎ፣ አምና ነበረው።»

ጠጣ። እንደገና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ኦግዶ፣ ለረጅም ጊዜ ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር...» ሲል ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። «...የታችኛው ሐይቅ ውሃ ይጎመዝዛል። ከእሱ አላመጣልሽም። ከላይኛው ነው የማመጣልሽ።»

ከሁለቱ ሐይቆች አልፈን ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ዓሣው ሄድን። ስኒው ባለቀ ቁጥር እየሞላሁለት ነው። ሞተሩን ማስታወስ ነበረብኝ፤ ግን አሁን ይለዋል፣ አሁን ይለዋል እያልኩ እኔም አብሬ ቀለጥኩ። በመጨረሻ ስኒውን አስቀመጠ፣ ሹራቡን ወደ ታች ጎተተ፣ ፊቱ ቀይ ሆነ።

«ኦግዶ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። አንቺም...» አለና ዓይኑ ግድግዳው ሰዓት ላይ ወደቀ። «ሞተሬ!» ብሎ ጮኾ በሩን በርግዶ ወጣ።

ከመስኮቱ አየሁት። ገባ፣ ቁልፉን አዞረ። የሞተሩ ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ እንደ ታመመ ሰው አንዴ «እእህ» አለና ዝም አለ። ሁለተኛ ሲያዞር ያችንም አላላትም።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኢስቴፓን ጭሱን ያጠፋው ማንም እንዳያየው ነበር። እኛ ዘንድ ግን የሚጨስ ጭስ ወሬ ነው፤ በድንገት የጠፋ ጭስ ግን መርዶ ነው። በብርዱ ወራት ሞተር ሲጠፋ ሰው አደጋ ላይ ነው ማለት ስለሆነ ያየ ሁሉ መድረስ አለበት፤ ይህ ቀልድ የለውም። ኡሊያና በቀዳዳዋ የኢስቴፓን ጭስ ወደ እኛ ሰፈር ሲገባ አይታ፣ ከዚያ ድንገት ሲጠፋ አይታለች። የምትጠብቀው ጊዜ ሲያልፍ ሱቋን ዘግታ «የኢስቴፓን ጭስ ጠፋ! ከኦግዶ ደጅ ጠፋ!» እያለች መንደሩን አዳረሰችው።

አንድ ጊዜ ሳይ መንገዱ በሰው ተሞላ። ብርድ ልብስ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ ቃሬዛ የጎተተ። የቀድሞው የመብራት ኃይል መካኒክ ጋሽ ፕሮኮፒ ሳይቀሩ በመኪናቸው ገመድና ነበልባል መትፊያ ይዘው ደረሱ። ከፊት ኡሊያና ናት፣ ቅንድቧ በአመዳይ ነጭ ሆኖ።

«ማነው የሞተው?» አለች።

ኢስቴፓን በሹራብ ከደጄ ቆሟል። ማንም አልሞተም። ኡሊያና ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ እንደገና ወደ እሱ።

«ኮቱንም አውልቋል!» አለች ለመንደሩ ሁሉ።

«ሞተሩ ላይ ነው ያለው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ሰምተናል እቴ፣ ሞተሩ ላይ ነው» አለች፤ ሴቶቹ በጓንታቸው አፋቸውን ያዙ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን የእኛ መሬት በብርዱ ወራት በመዶሻም አትሰነጠቅ።

ጋሽ ፕሮኮፒ ወሬ አይወዱም። ኮፈኑን ከፍተው ጭንቅላታቸውን ከተው ወጡ።

«የትኛው አህያ ነው ያጠፋው?»

ኢስቴፓን ዋሽቶ አያውቅም፤ ስለ እኔ ብሎ ግን ሞከረ። «ራሱ ነው የጠፋው ጋሼ።»

«ራሱ ጠፍቶ ቁልፉን አውልቆ እጅህ ላይ አስቀመጠልህ?»

ሁሉም ቁልፉን ከኢስቴፓን እጅ ላይ አየው። እሱም አየው። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም።

ሥራው ተጀመረ። ናፍጣው ፊልትሮው ውስጥ እንደ ሞራ ረግቷል፤ ዘይቱ በማንኪያ የሚቆረጥ ሆኗል። አንዱ መጀመሪያ ናፍጣው ላይ ላምባ ይደባለቅ ይላል፣ ሌላው መጀመሪያ ዘይቱ ይሙቅ ይላል፣ ሦስተኛው ያባቱን መኪና እንዴት በፈረስ ጎትተው እንዳስነሱት ያወራል። ፈረስ ያለው ሰው ፈረሱን አልሰጥም አለ። አንዱ የፈላ ውሃ ሊያፈስበት ማንቆርቆሪያዬን ሲያነሳ ጋሽ ፕሮኮፒ «አፍስሰህ በረዶ አድርገው፣ ኦግዶ ያጣችው በረዶ ነው!» ብለው አባረሩት። በመጨረሻ ከሞተሩ ሥር እሳት እንዲነድ ተወሰነ፤ ፍም በብረት ትሪ ተደርጎ ከዘይት ቋቱ በታች ይገባል፣ ዙሪያው በብርድ ልብስ ይሸፈናል።

ፍሙ ከእኔ ምድጃ ሊወጣ ሲል ጋሽ ፕሮኮፒ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። እሳቱ አልበላም።»

እኛ እሳትን ለከባድ ሥራ ስንጠራ ሳናበላው አናዝዘውም። የሚያበላው ደግሞ የቤቱ ታላቅ ነው። የቤቱ ታላቅ እማማ ማርፋ ናቸው። ሁሉም ወደ እኔ አየ። በሆዴ አለቀልኝ አልኩ። ለእኚህ ሴት ምን ብዬ ልንገራቸው? በልጅዎ ቤት ደጅ የሌላ ሰው መኪና ቆሞ ቀርቷልና ወጥተው ያስነሱልኝ ልበል?

ስገባ መጋረጃው ተገልጧል። እማማ ማርፋ ፀጉራም ኮታቸውን ለብሰው፣ የአጋዘን ቆዳ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ቂጣው በእጃቸው ነው፤ ቅቤም ቀብተውታል።

«እማማ፣ ደጅ...»

«ሰምቻለሁ። መንደሩ ሁሉ ከደጄ ላይ እየተጯጯኸ ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ያዢኝ።»

ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። ሰው መንገድ ለቀቀ፤ ኮፍያውን ያወለቀም ነበር። እማማ ማርፋ የፍሙን ሙቀት በፊታቸው ፈልገው አገኙት፤ ጎንበስ ብለው ቂጣውን እየቆረሱ ጣሉለት፤ ቅቤው ጭስ ጭስ አለ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንዳሉት ግን አልሰማሁም። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«በረዶ አምጪው የታለ?»

«እዚህ ነኝ እማማ» አለ ኢስቴፓን። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርድ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

«ኮትህን ልበስ። ሞተር ሳንባ የለውም።»

ለበሰ። ፍሙ ገባ፣ ብርድ ልብሱ ተሸፈነ፣ ላምባው ተቀላቀለ፣ የጋሽ ፕሮኮፒ መኪና ገመድ ተያያዘ። ጠበቅን። ሽፋሽፍታችን በአመዳይ ተጣበቀ፣ ጣታችን ደነዘዘ፣ ፀሐይም ገና ሳንጠግባት ወደ ጫካው አዘነበለች። ከብዙ ማቃሰት በኋላ ሞተሩ አንዴ አነጠሰ፣ ሁለተኛ አነጠሰ፣ ከዚያ ጎርነን ባለ ድምፅ ጮኾ ተነሳ። ነጩ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። መንደሩ ሁሉ እልል አለ፣ ጋሽ ፕሮኮፒ አጠገባቸው ያገኙትን ሰው አቅፈው ሳሙ።

እኔ ግን አልተደሰትኩም። ሊሄድ ነው። ይህን ሁሉ ውርደት ካየ በኋላ ኢስቴፓን ተመልሶ እንደማይመጣ አወቅሁ፤ ዓይነ አፋር ሰው አንዴ ከተሳቀበት አይመለስም። እሱም መሪውን ይዞ በመስኮቱ ብቅ አለና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ከእንግዲህ በረዶውን ከመንገዱ ዳር ጥዬ እሄዳለሁ» አለ። ስሜን ለማጠብ ነው፤ እኔን ግን ደረቴን ወጋኝ። አንድ ቃል ብናገር ይቆማል። የእማማ ማርፋ እጅ ግን ክንዴ ላይ ነው።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ እማማ ማርፋ።

«ወደ ቤቱ ነው እማማ።»

«ቤቱ ማን አለ?»

«ማንም የለም እማማ።»

«ውሰጂኝ።»

ወሰድኳቸው። የመኪናውን በር ዳብሰው ከፈቱት። ኢስቴፓን ዘሎ ወርዶ ደገፋቸው፣ ምን እንደሚፈልጉ ግን አልገባውም። እጃቸው መሪውን ዳሰሰ፣ ከመሪው ሥር ቁልፉን ዳሰሰ፣ ከዚያ ያለ ምንም ችኮላ አዞሩት።

ሞተሩ ጠፋ።

እንዲህ ያለ ፀጥታ በመንደራችን ሰምቼ አላውቅም። ጭሱ ጥቂት ቆሞ ከታች በኩል ተበጠሰ። ጋሽ ፕሮኮፒ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«እማማ ማርፋ! ምነው? ቀኑን ሙሉ ደክመን! ጣቶቼን አልሰማቸውም እኮ!»

«እግዜር ይስጥህ ፕሮኮፒ፣ ገብተህ ሻይ ጠጣ። መነሳቱን ማወቅ ነው የፈለግኩት። ሲሞቅ የማይነሳ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው አልፈልግም።» ከዚያ ወደ ኢስቴፓን ዞሩ። «አንተ፣ ባትሪውን ፍታና ወደ ቤት አስገባ። እስከ ሚያዝያ እዚሁ ነው የሚቆመው።»

በእኛ አገር መኪና ለረጅም ጊዜ ሲቆም ባትሪው እንዳይበላሽ ቤት ይገባል። ባለቤቱ ደግሞ ባትሪው ካለበት ቤት ነው የሚያድረው። ይህን የማያውቅ እዚያ ሰው መሃል አልነበረም። ኡሊያና እንኳ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት፣ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ አፏን ከፍታ ቆማ ብርድ ገባባት።

«እማማ» አልኩ። «እማማ፣ እኔ እኮ ገብሪልን አልረሳሁትም።»

«እኔስ የረሳሁት መሰለሽ? ልጄ ነው» አሉ ክንዴን ጨብጠው። «ግን ይሄ ሰው ስለ ሐይቅና ስለ አረፋ ሲያወራ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማሁት። በዚህ አያያዙ ጥያቄው ላይ እስኪደርስ እኔ ሞቼ ተቀብሬ አርባዬም ይወጣል። ብቻሽን ትቼሽ መሄድ አልፈልግም፣ ገባሽ? ጊዜ የለኝም።»

እንባዬ ወረደ፤ ጉንጬ ላይ እንደደረሰም በረዶ ሆነ። በእጄ ጀርባ ፈቅፍቄ ጣልኩት።

ኢስቴፓን ባትሪውን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ በሰው መሃል እያለፈ፣ ደፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ወደ እማማ ማርፋ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«የት ላስቀምጠው?» አለ።

መንደሩ ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ መልሴን ጠበቀ። እኔም ምድጃውን በእጄ አሳየሁት፣ ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈትኩለት።